ስውሩ ፎልደር

ነዳፊዋ ያንን ደብዳቤ ለማንም አልላከችውም። ማክሰኞ ጠዋት ባሏ ወደ ሥራ ከሄደ በኋላ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ አንድ ገጽ ያህል ጻፈች፤ መልሳ ስታነበው አልጣማትም፤ ሳታስቀምጠው ዘጋችውና ወደ ንድፏ ተመለሰች። በቃ፣ ይኸው ነው። አላተመችውም፣ ለሰው አላነበበችውም፣ ለራሷም ጮክ ብላ አላለችውም።

ሐሙስ ምሳ ላይ ባሏ ሹካውን ሳያስቀምጥ፣ «አንዳንድ ሰው እኮ የነደፍኩት ግድግዳ ሲቆም በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ ይላል» አላት። «አቧራውን ግን ማን ይችለዋል?»

ፈገግ ብሎ ነበር። እሷ ግን ሹካዋን አስቀመጠች። ያለው ነገር ቃል በቃል የደብዳቤዋ ሦስተኛ መስመር ነው። ደብዳቤው ለአንድ የሕንፃ ተቋራጭ የተጻፈ የሥራ ማመልከቻ ነበር። ቤት ቁጭ ብላ ለሌላ ሰው ፕላን መንደፍ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ አሁን ደግሞ ግንባታው ቦታ ላይ ሄዳ መቆም አምሯታል። ይህን ለባሏ አንድም ቀን አልነገረችውም።

ባሏ የኮምፒውተር ሰው ነው። ዘመድ ሁሉ «ባለሙያው» ይለዋል። የአጎት ልጅ ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ፣ የጎረቤት ፕሪንተር እምቢ ሲል፣ ስልክ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ «ለባለሙያው ስጡት» ይባላል። እሱም አይሰለችም። የሚስቱን ኮምፒውተርማ ሳትጠይቀው ራሱ በየሦስት ወሩ «ያጸዳላታል»። በምላሹ የሚያስጠነቅቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የሲስተም ፋይል የሚል ነገር ካየሽ እጅሽን ሰብስቢ። ከነካሽው ማሽኑ ይሞታል፤ የስድስት ዓመት ሥራሽም አብሮት ይቀበራል።»

አርብ ዕለት እናቷ ቤት ሄደች።

እናቷ ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የአንድ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ሠርተዋል። የጀመሩት ኮምፒውተር ማውስ የሚባል ነገር ሳይኖረው፣ ስዕልም ሳይኖረው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል ብቻ በሚታይበት ዘመን ነው። ይህን ባለሙያው አያውቅም፤ ጠይቆም አያውቅ። እንዲያውም አንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ፣ ንግግሩን ዝግ አድርጎ፣ «ይኼ ማውስ ይባላል፣ እማማ፤ አይጥ ስለሚመስል ነው» ብሎ አስረድቷቸዋል። እሳቸውም «አይ እውቀት! ተባረክ ልጄ» ብለው መርቀውታል።

ነዳፊዋ የሆነውን ስትናገር እናቷ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር።

«ለጓደኛሽ አውርተሽ ይሆናል» አሏት።

«ለማንም አላወራሁም፣ እማዬ።»

«ወረቀት ላይ ሞነጫጭረሽ ጥለሽስ?»

«ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው። እሱንም አላስቀመጥኩትም። ተኝቼ ስለፈልፍ ሰምቶኝ ይሆናል ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ፤ አበድኩ እንዴ?»

«ተኝቶ የሚለፈልፍ ሰው አረፍተ ነገር አሰካክቶ አይናገርም።» እናቷ ቢላዋውን አስቀመጡ። «ማሽኑ ራሱ እንዴት ነው?»

«ይንቀራፈፋል። ዲስኩ ሞልቷል ይለኛል። ያለቀውን ሥራ በፍላሽ እያወጣሁ እሰርዛለሁ፤ በሳምንቱ ደግሞ ሞላ ይላል።»

እናቷ እጃቸውን ታጠቡ፤ ቀስ ብለው በፎጣ አደረቁ። «ሰኞ እሱ ከወጣ በኋላ እመጣለሁ» አሉ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። መነጽራቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠርገው፣ የነዳፊዋን የሥራ ጠረጴዛ አንድ ጊዜ ቃኙት። የወረቀት ጥቅል፣ ማስመሪያ፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ መሀል ላይ ኮምፒውተሩ። ከልጃቸው አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ «እኔ አልነካውም፤ አንቺ ነሽ የምትሠሪው» አሏት።

መጀመሪያ የሚታዩትን ፎልደሮች መጠን በሙሉ ወረቀት ላይ አስደመሯት። ተደምሮ የዲስኩን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ማሽኑ ግን ቦታ የለኝም ይላል።

«ቀሪው የት ገባ?» አሉ እናቷ። «ጥቁሩን መስኮት ክፈቺው። ትእዛዝ የሚጻፍበትን።»

ነዳፊዋ ያንን መስኮት ባሏ ሲከፍተው እንጂ ራሷ ከፍታው አታውቅም። ጥቁር ነው፤ ምንም የሚጫን ነገር የለበትም፤ አንዲት ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ምን ልበለው?»

«ምን ምን አለህ በዪው። ዲር ብለሽ ጻፊና አስገቢው።»

ጻፈች። የምታውቃቸው ፎልደሮች ስም በመስመር በመስመር ወረደ።

«አሁን ያው ዲር፣ ከዚያ ክፍተት፣ ከዚያ ያዘመመች ሰረዝ፣ ከዚያ ኤ። ‹የደበቅኸውንም ጨምር› ማለት ነው።»

ዝርዝሩ እንደገና ወረደ። በዚህኛው ግን አይታቸው የማታውቃቸው ሰባት ስሞች ተጨምረውበታል። እናቷ ጣታቸውን ከስክሪኑ ላይ ሳያስነኩ እየተከተሉ አነበቡ። «ይኼ የማሽኑ ነው። ይኼም የራሱ ነው፤ አትንኪው። ይኼም እንደዚያው።» ከታች ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ስሙ «ሲስተም ካሽ» ይላል።

«ይኼ ደግሞ የማን ልጅ ነው?»

«የሲስተም ይላል እኮ፣ እማዬ።»

«ስም ማውጣት ማንን ያቅተዋል? ቀኑን እይው። ማሽኑን የገዛሽው መቼ ነው?»

«አራት ዓመት ሊሞላው ነው።»

«እነዚህ ሁሉ ያኔ ነው የተወለዱት። ይኼኛው ግን የዛሬ አሥራ አንድ ወር ነው። ያኔ ምን ነበር?»

ነዳፊዋ አሰበች። ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር እንደገና መጻጻፍ የጀመረችበት ሰሞን ነው። ባሏም «ቫይረስ ገብቶበታል» ብሎ ኮምፒውተሩን አንድ ቀን ሙሉ ይዞት የዋለበት። ይህን ለእናቷ ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሁለት ምልክት አድርጎበታል። አንዱ ስውር የሚል ነው፣ እንዳታዪው። ሁለተኛው ሲስተም የሚል ነው፣ ብታዪው እንኳ ፈርተሽ እንዳትነኪው።»

ከፈተችው። ውስጡ የስክሪኗ ፎቶ ነው። በየሁለት ደቂቃው አንድ፣ አሥራ አንድ ወር ሙሉ። ንድፎቿ፣ ከጓደኞቿ ጋር የተጻጻፈቻቸው፣ ከሐኪሟ የመጣው ውጤት፣ ለራሷ የፈለገችው የውስጥ ልብስ ሁሉ አለ። ከፎቶዎቹ በታች ደግሞ ረጃጅም የጽሑፍ ፋይሎች አሉ፤ በጣቶቿ የነካቻት ፊደል አንዷም ሳትቀር፣ ከነሰዓቷ። ጽፋ ያጠፋችው እንኳ ከነማጥፊያው ተመዝግቧል። ወደ ማክሰኞ ወረደች። ደብዳቤው እዚያው ነበር፤ ሦስተኛው መስመርም።

እናቷ ወደኋላ እንድትመለስ ነገሯት። ሰባት ወር ወደኋላ፣ ከፋይሎቹ በአንዱ ላይ፣ ለእሳቸው የተጻፈ መልእክት አለ። «እማዬ ደክሞኛል። አንቺ ጋ ትንሽ ቀን ልቆይ?» ይላል። ከዚያ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ጠፍተዋል። በቦታቸው «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» የሚል ገብቷል።

«ለእኔ የደረሰኝ ደህና ነኝ የሚለው ነው» አሉ እናቷ። ድምፃቸው ወርዶ ነበር። «እሱ ሲያነበው ከርሟል። እኔ የወለድኩሽ አላወቅኩም።»

ነዳፊዋ አላለቀሰችም። ፊቷ ላይ ደም ሞላ፤ ጆሮዋ ሳይቀር ጋለ።

«አሁን እናጥፋው?» አሉ እናቷ። «ሁለት መስመር ነው።»

«አይ።»

«እንዴት አይ?»

«እሱ በሌለበት አላጠፋውም። ደብቆ ያስገባውን እኔም ደብቄ ካወጣሁት፣ እንደገና ሌላ ቦታ ይደብቀዋል፤ ምንም እንዳልተደረገም ምሳ ቀርቦ ይቀልድብኛል። ፊቱ ላይ ነው የማደርገው። እትዬም ባሉበት።»

እትዬ የባለሙያው ታላቅ እኅት ናቸው። የሆስፒታል ነርሶች ኃላፊ ናቸው፤ እናትና አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ወንድማቸውን ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ከእነሱ ጋር ይበላሉ።

እናቷ ከጠረጴዛው ላይ ፍላሽ አንስተው አቀበሏት። ከዚያ፣ «እንግዲያው መጀመሪያ ግልባጭ ውሰጂ» አሉ። «ኋላ አላደረግኩም ቢልሽ ምን ታሳያለሽ?» የአሥራ አንዱን ወር ግልባጭ በፍላሽ አወጡ። እናቷ ፍላሹን በመሐረብ ቋጥረው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

እስከ ቅዳሜ አምስት ቀን ነበር። በነዚያ ቀናት ነዳፊዋ ኮምፒውተሩ ላይ ከልኬት በስተቀር ምንም አልጻፈችም። በር፣ ዘጠና ሴንቲ ሜትር። መስኮት፣ አንድ ሜትር ከሃያ። መጸዳጃ ቤት፣ በር ወደ ውጭ። ያንብበው እንግዲህ፣ አለች በሆዷ። ማመልከቻዋን ግን በእስክሪብቶ ጻፈችው። ረቡዕ ዕለት ራሷ ይዛው ሄዳ፣ ሦስት ደረጃ ወጥታ፣ ለተቋራጩ ጸሐፊ በእጇ ሰጠችው።

ቅዳሜ የነዳፊዋ እናትም መጥተው ምሳ ተበላ። እትዬ ስለ አዲሱ የሆስፒታል ሊፍት አውርተው ሁሉንም አሳቁ። ሳህኑ ሲነሳ ነዳፊዋ ኮምፒውተሯን አምጥታ የምግብ ጠረጴዛው መሀል ላይ አስቀመጠችው።

«ዛሬ እንኳ አታርፊም?» አላት ባሏ።

«ትንሽ የማጸዳው ነገር አለኝ።»

«ስጪኝ፣ እኔ አጸዳልሻለሁ።»

«አይ፣ የዛሬውን እኔ ነኝ።»

ጥቁሩን መስኮት ከፈተች። ባለሙያው ወንበሩ ላይ ቀና አለ። እናቷ ያስጠኗትን አትሪብ የሚለውን ትእዛዝ ጻፈች፤ ቀጥላ ስውር የሚለውን ምልክት ቀነሰች፣ ሲስተም የሚለውንም ቀነሰች፣ የፎልደሩን ስም ጻፈችና አስገባች። በጎን በተከፈተው መስኮት ላይ፣ ባዶ የነበረ ቦታ ላይ፣ ቢጫ ፎልደር ብቅ አለ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ባሏ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ተይ! እሱ የሲስተም ነው!»

«እትዬ፣ እስቲ ጠጋ ይበሉና ይዩልኝ።»

እትዬ መነጽራቸውን አጠለቁ። ነዳፊዋ አንዱን ፎቶ፣ ቀጥላ ሌላውን፣ ቀጥላ የጽሑፉን ፋይል ከፈተችላቸው። እትዬ የሐኪሙ ውጤት ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን አዞሩ።

«ይኼን ዝጊው። የበሽተኛ ወረቀት ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ምንድን ነው ይኼ?»

«ለደኅንነቷ ነው፣ እትዬ። በኢንተርኔት ስንት አጭበርባሪ አለ! እሷ የዋህ ናት። ባልወዳት ይኼን ሁሉ እለፋ ነበር?»

«አሥራ አንድ ወር ነው የለፋው» አለች ነዳፊዋ። ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። የማጥፊያውን ትእዛዝ ጻፈች፤ ውስጡ ካለው ሁሉ ጋር የሚለውን ጨመረችበት።

«ስሚኝ፣ ማሽኑ ይሞታል! የስድስት ዓመት ሥራሽ—»

«ይሙት።»

ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ጮክ ብላ አነበበችው፤ «እርግጠኛ ነኝ» አለችና መለሰችለት። ፋይሎቹ መጥፋት ጀመሩ። ከዚያ ቆመ። «አልተፈቀደም» የሚል መስመር ወጣ።

ባለሙያው ትንፋሹን ለቀቀ፤ ሳቅም አመለጠው። «አየሽ? እምቢ አለሽ። የማታውቂውን ነገር አትነካኪ ብዬሻለሁ እኮ።»

የነዳፊዋ ጣቶች አየር ላይ ቀሩ። በዚያች ቅጽበት ለአንድ ዓመት ያህል የተሰማት ነገር ሁሉ ተመለሰባት፤ አለማወቅ፣ ማነስ፣ ይቅርታ የመጠየቅ ፍላጎት።

ከጠረጴዛው ጫፍ የእናቷ ድምፅ መጣ። «ፕሮግራሙ እየሠራ ስለሆነ ነው። በር ይዞ ቆሟል። መጀመሪያ እሱን ግደይው፤ ታስክ ኪል ብለሽ ጀምሪ። ስሙን እየሠሩ ካሉት ፕሮግራሞች ዝርዝር ታገኚዋለሽ።»

ባለሙያው ወደ አማቱ ዞረ። «እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ይኼን ከየት አመጡት?»

«አንተ ዳዴ ስትል የሁለት ሚሊዮን ሰው ቆጠራ በዚህ ጥቁር ስክሪን አስገብቻለሁ፣ ልጄ። ማውሱን ስታስረዳኝ ደስ ብሎህ ስለነበር ላቋርጥህ አልፈለግኩም።»

እትዬ ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑት፤ ሳቁ ግን ወዲያው ከፊታቸው ላይ ጠፋ።

ባለሙያው ተነሳና እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ዘረጋ። እትዬ እጁ ላይ እጃቸውን ጣሉበት። አጥብቀው አልያዙትም፤ ልክ የበሽተኛ ክንድ እንደሚይዙ ነው የያዙት። «ተቀመጥ» አሉት። ተቀመጠ።

ነዳፊዋ የፕሮግራሙን ስም አገኘች፤ ገደለችው። የማጥፊያውን ትእዛዝ እንደገና ጻፈች። ማሽኑ እንደገና ጠየቃት፤ እንደገና መለሰች። በዚህኛው አልቆመም። ሲያበቃ ዲር፣ ያዘመመች ሰረዝ፣ ኤ። ከተደበቁት ሰባት ስሞች የቀሩት ስድስት ብቻ ናቸው። ማሽኑ ሲነሳ ፕሮግራሙን አብሮ የሚያስነሳውንም መስመር እናቷ በቃል እየነገሯት ነቀለችው። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው።

አራት ሰው ትንፋሹን ውጦ ስክሪኑን ያያል። ማሽኑ ተነሳ። እንዲያውም ዱሮ ከሚነሳው ፈጥኖ ተነሳ። የስድስት ዓመት ሥራዋ በየቦታው ነበር።

«አልሞተም» አለች።

ባለሙያው ብዙ ተናገረ። ፍቅር ነው አለ፤ ስጋት ነው አለ፤ ሁሉም ባል ቢችል ያደርገዋል አለ። ነዳፊዋ እየሰማችው ሻንጣዋን አወጣች። ልብሷን፣ የንድፍ ጥቅሎቿን፣ ማስመሪያዋን አስገባች። ኮምፒውተሩን ክንዷ ሥር አድርጋ በሩ ላይ ስትደርስ፣ «ለስንት ቀን ነው?» አላት።

«እሱን በጽሑፍ አታገኘውም» አለችው። «ስወስን በአፌ እነግርሃለሁ።»

በማግስቱ እትዬ የራሳቸውን ላፕቶፕ ይዘው የነዳፊዋ እናት ቤት መጡ። ባለፈው ወር ወንድማቸው ነበር ያስተካከለላቸው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ሁለቱ ትልልቅ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ጥቁሩን መስኮት ከፈቱ፤ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ፈተሹ።

«ምንም የለበትም» አሉ እናቷ። «ንጹሕ ነው። ደስ ይበልሽ።»

እትዬ ግን ደስ አላላቸውም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር» አሉ።

«ምነው?»

«ያመዋል እል ነበራ! ሰውን ሁሉ ይሰልላል፣ መታከም አለበት እል ነበር። ለካ ማን ላይ እንደሚደረግና ማን ላይ እንደማይደረግ ጠንቅቆ ያውቃል። እኔን ያከብረኛል፤ ስለዚህ አልነካኝም።» ላፕቶፑን ዘጉ። ወደ ነዳፊዋም ዞረው፣ «አስታርቂን ብሎ ይልከኛል፤ አውቀዋለሁ። አልመጣልሽም» አሏት። አልመጡምም።

ነዳፊዋ ሥራውን አገኘች። ጸሐፊዋ ስትደውልላት፣ «በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ ካየን ስንት ዘመናችን፤ አለቃው ጽሑፍሽን ወዶታል» አለቻት። ከከተማው ዳር ያለ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ተመደበች። በመጀመሪያው ሳምንት ሠራተኞቹ «እሜቴ ማስመሪያ» የሚል ስም አወጡላት፤ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ዘሟል ያለችው ምሰሶ ሲለካ እውነትም ዘሞ ተገኘና ስሙ ማዕረግ ሆነ። የሥራ ጫማዋ ተረከዟን ላጠው። አቧራውን ቻለችው።

ለባሏ ውሳኔዋን በአፏ ነገረችው። በስልክም አልነበረም፤ አንድ ቀትር ላይ ቢሮው በር ላይ ቆማ ጠብቃ ነገረችው። አልመለስም አለችው። ፍላሹ ላይ ምን እንዳለም፣ ማን ጋ እንዳለም አልደበቀችውም።

ከወር በኋላ ግንባታው ቦታ በር ላይ መጣ። ያልተከፈተ ካርቶን ታቅፏል። አዲስ ላፕቶፕ ነው።

«አልነካሁትም» አላት። «ማሸጊያው እንዳለ ነው፤ እዪው። ከእንግዲህ ምንም ነገር አልደብቅሽም።»

ካርቶኑን አየችው። ማሸጊያው እውነትም አልተነካም። ፊቱ ላይ ድካም ይታያል፤ ጺሙን አልተላጨም። አሳዘናት፤ ማዘኗንም አልካደችም።

«ላታደርገው እንደምትችል አውቃለሁ» አለችው። «ለእትዬ አላደረግክማ።»

ካርቶኑን ወደ እሷ ዘረጋው።

ከኋላዋ የኮንክሪት መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። የሦስተኛው ፎቅ ወለል የሚሞላበት ቀን ነው፤ ብረቱን ካላየችው አንድ ባልዲ እንኳ አይፈስም። ካርቶኑን በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ ወደ ደረቱ መለሰችለት። የራስ ቁሯን አጠበቀችና፣ «ብረቱን ሳላየው እንዳትለቁት!» ብላ እየጮኸች ደረጃውን ወጣች።